ጭስ የለውም ማለት ጉዳት የለውም ማለት አይደለም

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ከአንዲት አባል የቀረበ ንግግር)



የተጋበዝኩት ስለ ብሪኬት አሠራር እንድናገር ነው። እሱን እናገራለሁ፤ ከዚያ ግን ያጠፋሁትን አንድ ነገር እነግራችኋለሁ።

ብዙዎቻችን ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመን ወደ ሽሮ ሜዳ ስንወርድ የኖርን ነን፤ ወገባችን ያውቀዋል። ዛሬ ሌላው ሰው የሚጥለውን እንሰበስባለን፤ የቡና ገለባ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ ከከሰል ቸርቻሪ ደጃፍ የሚጠረግ ድቃቂ። ገለባውንና ቆረቆንዳውን በበርሜል ውስጥ አየር አሳጥተን እናከስለዋለን። አመድ ከሆነ ከሰርን፤ ጠቁሮ በእጅ ሲፈረፈር ደርሷል። ወቅጠን፣ ነፍተን፣ ለአሥር ጣሳ ዱቄት አንድ ጣሳ የተነፋ ሸክላ አፈር ጨምረን በውኃ እናሸዋለን። ስትጨብጡት ቅርጹን ከያዘ ይበቃዋል። አፈር ማብዛት ትርፍ ይመስላል፤ አመዱ ሲበዛባት ግን ደንበኛዋ አትመለስም። ከዚያ በቅርጽ ማውጫው ተጭኖ ይወጣና ለቀናት ፀሐይ ላይ ይደርቃል።

ለመቀጣጠል ይዘገያል። ከያዘ በኋላ ግን አይፈናጠርም፤ ለሽሮና ለቡና ረጅም ሰዓት ይቆያል። ለእንጀራ አይሆንም፤ ምጣድ ነበልባል ይፈልጋል። ይህን ለገዢ በግልጽ ንገሯት።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ባለፈው ክረምት ልጄ አራስ ነበረች። ብርድ እንዳይነካት በርና መስኮት ዘግቼ፣ ክፍተቱን በጨርቅ ወትፌ፣ ብሪኬት የተቀጣጠለበትን ምድጃ አልጋዋ አጠገብ አስቀመጥኩ። ጭስ የለውማ! ማታ ላይ “እማዬ፣ ራሴን አመመኝ” አለችኝ። ከዚያ አስመለሳት። እኔንም ራሴን ይወቅረኝ ጀመር። ምች ነው አልኩ። ዳማከሴ አሽቼ ጭማቂውን በአፍንጫዋ ጠብ አደረግሁላት፣ በቡናም አጠጣኋት። ምድጃው ግን እዚያው እየነደደ ነበር። ጎረቤቴ አጥሚት ይዛ መጥታ በሩን ባትከፍተው ኖሮ ዛሬ እዚህ ቆሜ አልናገርም ነበር። ሕፃኑን በነጠላዋ ጠቅልላ ያወጣችው እሷ ናት።

ጤና ጣቢያ የነገሩኝ ይህን ነው። ከሰልም ሆነ ብሪኬት ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ራስ ምታቱና ማስመለሱ ምች ይመስላል፤ የመጀመሪያው መድኃኒት ግን ወደ ንጹሕ አየር መውጣት ነው። ጥፋቱ የዳማከሴው አልነበረም። ሕመሙን ሳላውቅ መድኃኒት የሰጠሁት እኔ ነኝ።

እናቶቻችን ያወረሱን ዕውቀት ከንቱ አይደለም። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ በእንዶድ መግደል እንደሚቻል ለዓለም ያሳዩት ከዚያ ተነሥተው ነው። እንዶዱን ሴቶቹ ያውቁት ነበር፤ እሳቸው ደግሞ መርምረው ለኩት። ይኸው እንዶድ ግን ሰው ቢጠጣው መርዝ ነው። ኮሶም ትል ያወጣል፤ ሲበዛ ግን ዓይን ሊያጠፋ ይችላል፣ ለነፍሰ ጡርም አይሰጥም። ቡና ላይ ጣል የምናደርጋት ጤና አዳም እንኳ፣ ለመድኃኒት ብላ አብዝታ ለምትጠጣ ነፍሰ ጡር አደገኛ ናት።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ ብሪኬት ስንሸጥ “በተዘጋ ቤት አታንድዱት” ብለን በከረጢቱ ላይ እንጻፍ፤ ማንበብ የማትችል አለችና በቃልም እንናገር። ሁለተኛ፣ ምድጃ ባለበት ቤት ሰው ራሱን ካመመው አስቀድመን በር ከፍተን እናውጣው፤ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ። ሦስተኛ፣ ከጓሯችን የቀጠፍነውን ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ከመስጠታችን በፊት የጤና ባለሙያ እንጠይቅ፤ የሰጠነውንም አንደብቅ።

ወዳጆቻችን ሆይ፣ በክረምት ብሪኬቱ አይደርቅልንም፤ ሥራችንም ይቆማል። የምንጠይቃችሁ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ጎኑ ክፍት የሆነ አንድ ማድረቂያ ዳስ ነው።

የልጅ ልጄ ዛሬ ዳዴ ይላል። ምድጃዬ ደጅ ነው።