ስለ ሄይቲ ነጻነትና በስደት ስላሉት ልጆቿ ሥራ



ዛሬ በፊታችሁ የምናገረው በካሪብያን ባሕር ስላለችው ስለ ሄይቲ ነው። አገሪቱ ትንሽ ናት፤ ታሪኳ ግን ትልቅ ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ሄይቲ ቀድሞ ሳን ዶሚንግ እየተባለች በፈረንሳዮች ትገዛ ነበር። ከአፍሪካ በመርከብ ተጭነው የተወሰዱ ሰዎች ከነልጆቻቸው በባርነት ሸንኮራና ቡና ያለሙባት ነበር። በ1791 ባሮቹ ተነሡ። መሪያቸው ቱሴን ሉቬርቱር በ1802 ተይዞ ወደ ፈረንሳይ ተወሰደ፤ በ1803ም በእስር ቤት ሞተ። መሪው ቢታሰርም ሐሳቡ አልታሰረም። ዣን ዣክ ደሳሊን የናፖሌዎንን ጦር በቬርትየር ድል አድርጎ፥ በጃንዩወሪ 1 ቀን 1804 በጎናይቭ ከተማ ነጻነትን አወጀ።

ይሁን እንጂ ነጻነት በአንድ ቀን አዋጅ አይፈጸምም። በ1825 የፈረንሳይ ንጉሥ ሻርል 10ኛ የጦር መርከቦች ልኮ፥ ለቀድሞዎቹ ጌቶች ካሣ የሚሆን 150 ሚሊዮን ፍራንክ ክፈሉ አለ። ገንዘቡ በ1838 ወደ 90 ሚሊዮን ቢቀነስም፥ ሄይቲ ይህን ለመክፈል ስትል ተበደረች፤ ከዚሁ የመጣውም ዕዳ እስከ 1947 ድረስ ተከተላት። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል፤ በዚህች አገር ላይ ግን ምሳሩ የበዛው ወድቃ ሳይሆን ቆማ ሳለች ነው። ለትምህርት ቤትና ለመንገድ ሊውል ይገባ የነበረው ሀብት ባሕር ተሻግሮ ሄደ።

በ1957 ፍራንስዋ ዱቫልዬ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ግፍ ስለ በዛ፥ ብዙ የተማሩ ሰዎች ተሰደዱ። ኮንጎ በ1960 ነጻ ስትወጣ ከልጆቿ መካከል ከፍተኛ ትምህርት የጨረሱት እጅግ ጥቂት ነበሩ። በዚያን ጊዜ ብዙ የሄይቲ መምህራንና ሐኪሞች በተባበሩት መንግሥታት አማካይነት ወደዚያ ሄደው አገለገሉ። አያቶቻቸው በሰንሰለት ታስረው ወደ ወጡበት ምድር የልጅ ልጆች መጽሐፍ ይዘው ተመለሱ።

ሌሎቹም ፈረንሳይኛ ወደሚነገርበት ወደ ካናዳ ግዛት ወደ ኬቤክ ሄዱ። በዚያ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት እየተስፋፋ ነበርና መምህራን፥ ሐኪሞችና አስታማሚዎች ሆነው ሠሩ። በልጅነቷ በ1968 ከወላጆቿ ጋር የተሰደደችው ሚካኤል ዣን ከ2005 እስከ 2010 የካናዳ ጠቅላይ አገረ ገዥ ሆነች። ደራሲው ዳኒ ላፈርየርም በ2013 የፈረንሳይኛ ቋንቋ ጠባቂ ለሆነው ለፈረንሳይ አካዳሚ አባልነት ተመረጠ። የቀድሞ ባሮች ልጅ በጌቶቹ ቋንቋ ላይ ዳኛ ሆነ።

ነገር ግን የምስጋናውን ያህል ኀዘኑንም ልናውቅ ይገባል። መምህር አገሩን ለቆ ሲወጣ የሚያስተምራቸው ልጆች ያለ መምህር ይቀራሉ። ሌላው ያተረፈውን ሄይቲ አጥታለች። ስደተኞቹ ግን ወገናቸውን አልረሱም፤ ከደመወዛቸው ከፍለው ለዘመዶቻቸው ገንዘብ ይልካሉ፤ በዚህም ብዙ ቤተ ሰብ ይኖራል፥ ብዙ ልጅም ይማራል።

ለእኛም የሚነገር ውለታ አለ። የሄይቲ ልጅ ቤኒቶ ሲልቬን በ1897 አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ከዳግማዊ ምኒልክ ፊት ቀረበ። ጣልያን በወረረን ጊዜም የሄይቲ መልእክተኛ ጄኔራል ኔሙር በ1935 በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ቆሞ ስለ ኢትዮጵያ ተሟገተ። ዛሬ በኢትዮጵያ ላይ የደረሰው ነገ በሌላው ሊደርስ እንደሚችል አስጠነቀቀ። ብዙ ኃያላን በዘገዩበት ሰዓት ትንሿ አገር ስለ እውነት ተናገረች።

እንግዲህ መምህራን ሆይ፥ ሄይቲን በካርታ ላይ ለልጆቹ አሳዩአቸው። ስለ ድህነቷ ብቻ የሰማ ልጅ ያዝንላት ይሆናል፤ ታሪኳን የተማረ ልጅ ግን ያከብራታል። እናንተም ሽማግሎች፥ ስደተኛ ወደ መንደራችሁ ሲመጣ ምን አጥቶ እንደ መጣ ብቻ ሳይሆን ምን ይዞ እንደ መጣም ጠይቁት። ነጻነትን ያገኙት በጦር ነው፤ ያስከበሩት ግን በትምህርትና በሥራ ነው።