የሥራ በር የት ነው?

(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ ከነጋዴዎች ወገን የቀረበ ንግግር)

 

ናይሮቢ እንደ ድሬዳዋችን የባቡር ልጅ ናት። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሐዲዱ እዚህ የደረሰው በ1899፣ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 ነው። ባቡሩን ተከትለው ፋብሪካዎች ተተከሉ፤ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ የሚባለው ሰፈርም ስሙን ያገኘው ከእነሱ ነው። በዚያ ዘመን ሥራ ፈላጊ የሚሄድበትን ያውቅ ነበር። ማለዳ ተነሥቶ ፋብሪካ በር ላይ ይሰለፋል፤ የተፈለገ ይገባል፣ ያልተፈለገ ነገ ይመለሳል።

ዛሬም ፋብሪካ አለ፤ እንጀራው ግን ወደ ሌላ ቦታ ሄዷል። በ1990ዎቹ ገበያው ለውጭ ዕቃ ሲከፈት ሚቱምባ የሚባለው ልባሽ ጨርቅ ገባና ብዙ የኬንያ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ተዘጉ። በ2014 ካድበሪ እንኳ የናይሮቢ ፋብሪካውን ዘግቷል። በአንጻሩ ጊኮምባ በዚያው በሚቱምባ ደራ። ኢስሊ ውስጥ ጋሪሳ ሎጅ የእንግዳ ማደሪያ ነበር፤ ክፍሎቹ ሱቅ ሆኑና ሰፈሩ በሙሉ ገበያ ሆነ። በ2007 ኤምፔሳ ሲመጣ ገንዘብ በስልክ ማስተላለፍ ራሱ መተዳደሪያ ሆነ። ዛሬ ከአነስተኛ እርሻ ውጭ ካሉት 10 ሠራተኞች 8ቱ የሚሠሩት በጁዋ ካሊ ነው። ትርጉሙ «ኃይለኛ ፀሐይ» ነው፤ መደብ ዘርግቶ፣ ብረት በይዶ፣ ልብስ ሰፍቶ የሚያድር ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል።

እንዲህ ያለው ሥራ የሚሰለፉበት በር የለውም፤ ማስታወቂያም አይለጠፍለትም። ከሰው ወደ ሰው ነው የሚተላለፈው። ስለዚህ ለአዲስ መጪ ወገናችን የሥራው በር እኛው ነን፤ ምግብ ቤት፣ ጸጉር ቤት፣ የጤፍና የበርበሬ ሱቅ ያለን ሁሉ።

በመጀመሪያ ለእኛ ለቀጣሪዎች። «ወገን ነው፣ በልቶ ይደር» ብሎ ያለ ደመወዝ ማሠራት እርዳታ አይደለም። ደመወዙን፣ የሥራ ሰዓቱንና የዕረፍት ቀኑን አስቀድመን እንንገረው። በየወሩ በኤምፔሳ ብንከፍለው ለሁለታችንም ማስረጃ ይቀራል። እኛ ቦታ ባይኖረን እንኳ ቦታ ያለውን ሰው ስልክ እንስጠው።

ሁለተኛ ለወጣቶቻችን። «ፕሮሰሴ እስኪያልቅ» እያሉ ዓመታት መቀመጥ ያሳዝናል። ፕሮሰሱ ይጠበቅ፤ ነገር ግን እየሠሩና እየተማሩ። ስዋሂሊ ለምዶ አንድ ሙያ የያዘ ልጅ እዚህም ቢቀር፣ ካናዳም ቢሄድ ባዶ እጁን አይደለም።

ሦስተኛ ለወላጆች። የልጆቻችሁን ወረቀት ከወዲሁ አስተካክሉ። በ2021 የወጣው የኬንያ የስደተኞች ሕግ ስደተኛ ሠርቶ የመኖር መብት እንዳለው ይገልጻል፤ የስደተኞች የሥራ ፈቃድም ክላስ ኤም ይባላል። ወረቀት ጊዜ ስለሚወስድ ሥራው ከተገኘ በኋላ መሯሯጥ ዋጋ ያስከፍላል።

ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ይባላል። ከዚህ አዳራሽ ስንወጣ እያንዳንዳችን አንድ ሥራ ፈላጊ ከአንድ ቀጣሪ ጋር ብናገናኝ በዓላችንን በእውነት አከበርን ማለት ነው።

ፈጣሪ አገራችንንና ይህችን ያስጠጋችንን አገር ይባርክ!