ስለ ሸክላ አቧራና ስለ ብሩሽ አመራረጥ

(በ12ኛ ክፍል ተማሪ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



የንግግሬ ርእስ በተነበበ ጊዜ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ማለታችሁን አይቻለሁ። በእንዲህ ያለ ቀን ስለ አገር ዕድገት ወይም ስለ ዕውቀት ጥቅም መናገር የተለመደ ሲሆን፣ እኔ ስለ ብሩሽ ልናገር መጥቻለሁ። ነገር ግን ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ የሙዚቃ ማኅበራችን ከቤተ መጻሕፍቱ ሣጥን ያወጣቸውን አሮጌ ሸክላዎች በፊታችሁ ያጫውታል። ሸክላዎቹ ከመጫወታቸው በፊት የብዙ ዘመን አቧራቸው መጠረግ ነበረበት፤ በምን እንደሚጠረግ የመምረጡም ሥራ ለእኔ ተሰጠ። ይህ ሥራ የተሰጠኝ ዐዋቂ ስለ ሆንሁ አይደለም፤ አንድ ጊዜ አጥፍቼ ስለ ተማርሁ ነው። ስለዚህ ከጥፋቴ ልጀምር።

አያቴ አንዲት ትንሽ ሸክላ አለቻቸው። ባለቤታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በወጣትነታቸው ከደመወዛቸው ቆጥበው የገዙላቸው ናት። በዓል በመጣ ቁጥር ቡናው በረካ ከደረሰ በኋላ ያቺ ሸክላ ከቁም ሣጥን ትወጣለች፤ አንድ ጊዜ ተሰምታም ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። የዛሬ ሁለት ዓመት በፋሲካ ዋዜማ አያቴን ደስ ላሰኛቸው ብዬ ሸክላዋን በድብቅ አወጣኋት። በላይዋ ላይ ቀጭን አቧራ ተኝቶባት ነበር። በቤታችን ገና ያልተሠራበት የጫማ ብሩሽ ስለ ነበረ፣ አዲስ ነገር ሁሉ ንጹሕ ነው ብዬ በእርሱ ወዲህና ወዲያ አጥብቄ አሸኋት። ስጨርስም እንደ ጥቁር መስተዋት አበራች፤ እኔም በሥራዬ ኮራሁ።

በማግሥቱ መርፌው በላይዋ ባረፈ ጊዜ ግን ከዘፈኑ ጋር ምጣድ ላይ ፈንዲሻ የሚፈነዳ የሚመስል ድምፅ ተሰማ። አያቴ እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ካዳመጡ በኋላ፣ «ልጄ፣ አቧራውን ላውጣ ብለህ አስገባኸው» አሉኝ። ሌላ አንድ ቃል አልጨመሩም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አያቴ የተናገሩት ቃል በሳይንስም ትክክል መሆኑን የተረዳሁት ቈይቶ ነው። ይህን ለማስረዳት ሸክላ ምን እንደ ሆነ በአጭሩ መናገር ያስፈልጋል። ስሙ ሸክላ ይባል እንጂ ከጭቃ አልተሠራም። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞሩት የጥንቶቹ ሸክላዎች፣ ሼላክ ከሚባልና ከነፍሳት ከሚገኝ ሙጫ ከሌላ ዱቄት ጋር ተደባልቀው የሚሠሩ ነበሩ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1948 ኮሎምቢያ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ የሚዞረውን ትልቁን የቪኒል ሸክላ አወጣ፤ በ1949 ደግሞ አር ሲ ኤ ቪክተር 45 ጊዜ የሚዞረውን ትንሹን ለገበያ አቀረበ። የአያቴ ሸክላ ከዚህ ከትንሹ ዓይነት ናት።

በሸክላው በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ከዳር ተነሥቶ ወደ መካከል የሚጠመዘዝ አንድ ረጅም ቦይ አለ። የሦስት ደቂቃ ዘፈን ያለባት ትንሽ ሸክላ 135 ጊዜ ትዞራለች፤ ይህን በሒሳብ ብናሰላው መርፌው በአንድ ዘፈን ወደ 60 ሜትር የሚጠጋ መንገድ ይሄዳል ማለት ነው። የቦዩ አፍ ስፋት ግን የአንድ ሚሊሜትር ሃያኛ እጅ ያህል ብቻ ነው፤ የራሳችን ጠጕር እንኳ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይወፍራል። ቦዩ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ ሸለቆ ይመስላል፤ ድምፁም የተቀረጸው በሁለቱ ግድግዳዎች ላይ ነው። መርፌው ሸክላውን የሚጫነው በ2 ወይም በ3 ግራም ክብደት ቢሆንም፣ ጫፉ እጅግ ቀጭን ስለ ሆነ በዚያች ነጥብ ላይ የሚያርፈው ግፊት ታላቅ ነው። በመንገዱ ላይ የአሸዋ ቅንጣት ሲያጋጥመው ዘሎት ያልፋል፤ ያን ጊዜ ፍንዳታውን እንሰማለን። ወይም ቅንጣቱን ለስላሳው ግድግዳ ውስጥ ይቀብረዋል፤ ያን ጊዜ ፍንዳታውን ለዘለዓለም እንሰማዋለን።

እንግዲህ የጫማ ብሩሼ ምን እንዳደረገ ልብ በሉ። የብሩሹ ጠጕር ከቦዩ አፍ የወፈረ ስለ ነበረ ወደ ታች ሊገባ አልቻለም። በላይ የተኛውን አሸዋ ግን በኀይል እየጐተተ ገጹን ጫረው፤ ደቃቁን አቧራ ደግሞ ወደ ቦዩ ጠቀጠቀው። ሸክላዋ ያበራችው ስለ ጸዳች አልነበረም፤ ቈሻሻው ከዓይን ስለ ተሰወረ ነው።

ሁለተኛው ጠላት በዓይን አይታይም። ማበጠሪያን በደረቅ ጠጕር ካሻሹ በኋላ ቍርጥራጭ ወረቀት ሲያነሣ በፊዚክስ ክፍል ያላየ በመካከላችን የለም። ቪኒልም እንደዚሁ ነው። ከወረቀት ከረጢቱ ሲወጣ ወይም በጨርቅ ሲታሽ በላዩ የኤሌክትሪክ ሙል ይጠራቀማል፤ ቪኒል ኤሌክትሪክን የማያስተላልፍ በመሆኑ ሙሉ የሚሄድበት መንገድ አጥቶ እዚያው ይቀመጣል። አየሩ በደረቀ ቁጥር ነገሩ ይብሳል፤ ስለዚህ በበጋ ወራት፣ አቧራው በሚነሣበት ጊዜ፣ ሸክላ አቧራን እንደ ማግኔት ይስባል። ለመፈተን የሚፈልግ ሰው ሸክላውን በክንዱ ጠጕር አጠገብ ይያዘው፤ ጠጕሩ ከቆመ ሸክላው ሙል አለበት። እንዲህ ያለውን ሸክላ በማይረባ ብሩሽ መጥረግ፣ በአንድ እጅ እየጠረጉ በሌላው እጅ አቧራ እንደ መበተን ነው።

ከዚህ በኋላ አክስቴ ከውጭ አገር ለመምጣት በተነሣች ጊዜ «ምን ላምጣልህ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ጫማም ልብስም ሳልጠይቅ የሸክላ ብሩሽ አልኋት። እርስዋም ሱቅ ገብታ የልዩ ልዩ ብሩሾችን ፎቶግራፍ ላከችልኝና «ከእነዚህ የትኛውን?» አለችኝ። ያን ጊዜ በችኮላ መመለስ እንደማይገባ ስለ ተማርሁ፣ ለእያንዳንዱ ብሩሽ ሦስት ጥያቄ አቀረብሁለት፦ ጠጕሩ ወደ ቦዩ ለመግባት ይቀጥናልን? የኤሌክትሪክ ሙሉን ያስወግዳልን ወይስ ይጨምራል? ራሱስ በቀላሉ ይጸዳልን?

የመጀመሪያው ብሩሽ የናይሎን ነበር። ናይሎን ርካሽና ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ናይሎንና ቪኒል በደረቁ ሲተሻሹ ብዙ ሙል ይፈጥራሉ። በመታጠቢያ ውሃ ሲሠሩበት ይጠቅም ይሆናል እንጂ ለየዕለቱ ደረቅ ጠረጋ አይመረጥም።

ሁለተኛው የፍየል ጠጕር ነበር። የፍየል ጠጕር ለስላሳ ነው፤ በላይ የተኛውንም አቧራ በደንብ ይሰበስባል። ዳሩ ግን እርሱም ደረቅ ሆኖ ሲታሽ ሙል ከመፍጠር አይድንም። ለቤት ዕቃና ለማጫወቻው ክዳን መልካም ነው፤ ለሸክላ ግን ሁለተኛ ደረጃ ሰጠሁት።

ሦስተኛው የከፋይ ነበር። ከፋይ የረጅም ዘመን ታሪክ አለው። በ1950ዎቹ ሴሲል ዋትስ የተባለው እንግሊዛዊ፣ ሸክላው እየተጫወተ ሳለ ከመርፌው ጋር አብሮ የሚሄድ ትንሽ ጠራጊ ሠርቶ ነበር፤ ይህም ጥቂት የናይሎን ጠጕርና ከፋይ መሳይ ጨርቅ የተጠቀለለበት ነው። በ1970ዎቹ ደግሞ ዲስክዋሸር የተባለው አሜሪካዊ ጠራጊ፣ በእንጨት ላይ የተለጠፈ ጨርቅ ከጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ጋር ይዞ በሰፊው ታወቀ። የከፋይ ጠጕር ወደ አንድ ወገን የተኛ ስለ ሆነ በትክክለኛው አቅጣጫ ሲጠርጉበት አቧራውን ያነሣል፤ በተቃራኒው ሲይዙት ግን የለቀመውን መልሶ ይተፋል። በደረቁ አጥብቀው ከተጫኑት ደግሞ እንደ እኔ የጫማ ብሩሽ ይሆናል። ጥሩ ሠራተኛ ነው፤ ነገር ግን ጥንቁቅ አሠሪ ይፈልጋል።

አራተኛው የካርቦን ፋይበር ነበር። የዚህ ብሩሽ አንዱ ክር ውፍረቱ የሚሊሜትር ሺኛ እጅ ሰባት ያህል ስለ ሆነ፣ ከቦዩ አፍ በብዙ እጥፍ ይቀጥናል። ከዚህም በላይ ካርቦን ኤሌክትሪክን ያስተላልፋል፤ ሙሉም በክሩ በኩል ወደ እጀታው፣ ከእጀታውም ወደ ሰው እጅ ለመሄድ መንገድ ያገኛል። ስለዚህ ለሦስቱም ጥያቄዎች ጥሩ መልስ የሰጠኝ ይህ ብሩሽ ነው። ሆኖም አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ክሩ ካርቦን ሆኖ እጀታው ሁሉ ፕላስቲክ ከሆነ መንገዱ ተቋርጦ ሊቀር ይችላል። ጣታችሁ የሚያርፍበት ቦታ ብረት መሆኑንና ብረቱም ከክሩ ጋር መገናኘቱን ተመልከቱ።

አክስቴ ያመጣችውን ብሩሽ በቤተ ሙከራችን የፈተንሁት በመምህሬ ፈቃድ ነው። የኤሌክትሪክ መለኪያውን አንዱን ሽቦ በክሩ ላይ፣ ሁለተኛውን በእጀታው ብረት ላይ ባደረግሁ ጊዜ ጠቋሚው ተንቀሳቀሰ። ከገበያ በገዛሁት በሌላ ርካሽ ብሩሽ ላይ ግን ጠቋሚው ከቦታው ንቅንቅ አላለም፤ መልኩ ጥቁር ነበር እንጂ ካርቦኑ ከእጀታው ጋር አልተገናኘም። ከዚህ የተማርሁት ነገር ዕቃን በመልኩ ሳይሆን በሥራው መመዘን እንደሚገባ ነው።

ጓደኞቼ ሆይ፣ ብሩሹ ቢመረጥም ሥራው ገና እኩሌታ ነው፤ የቀረው በእጅ ላይ ያለ ነው። ሸክላው ይዙር፤ መርፌው ግን ገና አይረፍ። ብሩሹን የክሩ ጫፍ ብቻ እስኪነካ ድረስ አቅርባችሁ ሁለት ሦስት ዙር ያለ ኀይል ያዙት፤ ከዚያ በኋላ ቀስ ብላችሁ ወደ ውጭ እያንሸራተታችሁ ከዳሩ አውጡት። ሁልጊዜ ከቦዩ ጋር እንጂ ቦዩን አቋርጣችሁ አትጥረጉ። ብሩሹን ከተጠቀማችሁበት በኋላ አቧራውን ከሸክላው ርቃችሁ አራግፉ፤ ክሩን በጣታችሁ አትንኩት፤ የእጃችን ወዝ በክሩ አድርጎ ወደ ሸክላው ይሄዳልና። ለመርፌው ደግሞ የራሱ ትንሽ ብሩሽ አለ፤ እርሱም ከኋላ ወደ ፊት ብቻ ይጠረጋል።

ደረቅ ብሩሽ የማይችለው ነገር መኖሩንም አልደብቅም። የጣት አሻራ፣ የሻይ ጠብታ፣ የዕጣን ጢስ ያጣበቀው እድፍ በብሩሽ አይለቅም፤ በተጣራ ውሃና በጥቂት ለስላሳ ሳሙና፣ የመካከሉ ወረቀት እንዳይርስ ተጠንቅቆ መታጠብ አለበት። ለ78ቱ ሸክላ ግን አልኮል ያለበት ማናቸውም ፈሳሽ ክልክል ነው፤ አልኮል ሼላክን ያሟሟዋል።

ለአንድ ዘፈን ይህን ሁሉ ድካም ለምን? የሚል ቢኖር መልሴ ይህ ነው። በ1969 አምሐ እሸቴ የተባሉ ወጣት በአዲስ አበባ የራሳቸውን የሸክላ ድርጅት አቋቁመው፣ እስከ 1975 ድረስ አንድ መቶ ያህል ትንንሽ ሸክላዎችንና ከዐሥር በላይ ትልልቆችን አሳትመዋል። በአገራችን የሸክላ ማተሚያ ስላልነበረ የመጀመሪያዎቹ የታተሙት በህንድ አገር ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ካሴት ሸክላን ተካው። ከ1997 ጀምሮ በፈረንሳይ አገር በወጡት የኢትዮጲክስ ስብስቦች ከእነዚያ ዘፈኖች ብዙዎቹ እንደገና ለዓለም ተሰምተዋል፤ ያልተሰሙም አሉ። ከእነዚህ መካከል አንዱ በአንዳችሁ ቤት፣ በአልጋ ሥር ባለ ሻንጣ ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል። ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ገብታችሁ ስታገኙት በመጀመሪያ የምታነሡት ነገር የእጅጌያችሁ ጫፍ ወይም የጫማ ብሩሽ እንዳይሆን አደራ እላችኋለሁ።

አሁን ንግግሬን ልፈጽም። የትምህርት ቤታችን ሸክላዎች በደንብ ተጠርገዋል፤ ጥቂቶቹም ታጥበዋል። ከእነርሱ በኋላ የመጨረሻ ሆና የምትጫወተው ሸክላ ግን የትምህርት ቤቱ አይደለችም። አያቴ ዛሬ እዚህ ከፊተኛው ወንበር ተቀምጠዋል፤ ሸክላቸውንም በነጠላቸው ጠቅልለው ይዘው መጥተዋል። በአዲሱ ብሩሽ ብዙ ጊዜ ጠርጌያታለሁ፤ ሊወጣ የሚችለው አቧራ ወጥቷል፤ የተጫረው ግን አይመለስም። ትናንት ማታ «ሰው ፊት ልትጫወት አይገባትም፤ ያሳፍረኛል» ብላቸው፣ «አንተ ንካት፤ አሁን አያያዙን ታውቃለህ» አሉኝ። ስለዚህ በዘፈኑ መካከል ፈንዲሻ ሲፈነዳ ብትሰሙ ጥፋቱ የዘፋኙ አይደለም፤ የማን እንደ ሆነ ታውቃላችሁ።