የገበያ ዘንቢላችን የጓሯችን እቅድ ነው

የምግብ ዋጋ ንረትን በቁጠባ አበሳሰልና በጓሮ ምርት ስለመቋቋም ለሀዋሳ ከተማ ሞዴል አርሶ አደሮች ስልጠና የቀረበ ንግግር



ዛሬ ስለ ማዳበሪያ መጠን ወይም በመስመር ስለ መዝራት አልናገርም፤ እሱን ከእኔ ባልተናነሰ ታውቁታላችሁ። የዛሬው ጉዳያችን ከጓሮ እስከ ማዕድ ቤት ያለው አጭር መንገድ ነው።

አንድ ጥያቄ ላንሳ። ባለፈው የገበያ ቀን ከቤታችሁ የወጣው ዘንቢል ምን ይዞ ተመለሰ? ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ጎመን፣ ድንች፣ ሽሮ፣ ዘይት ይሆናል። ከእነዚህ ውስጥ በራሳችሁ መሬት የማይበቅለው ስንቱ ነው? ዘይቱን ብታወጡ የቀረው ሁሉ ማለት ይቻላል ይበቅላል። ሀዌላ ቱላ ላይ መሬት ይዘን፣ በልግም ክረምትም እየዘነበልን ጎመን በብር የምንገዛ ከሆነ ቆም ብለን ማሰብ አለብን።

ዋጋው ለምን ከእጃችን ወጣ?

አገራችን የምትጠቀመው የምግብ ዘይት አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። ማዳበሪያም እንዲሁ። በ2014 ዓ.ም. የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር የዘይት፣ የስንዴና የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ አሻቀበ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ብር ከዶላር አንጻር ብዙ ወረደ፤ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ጨመረ። ነዳጅ ሲጨምር ደግሞ ከመቂና ከዝዋይ ተጭኖ የሚመጣው ሽንኩርትና ቲማቲም የመኪናውን ኪራይ ጨምሮ እኛ ዘንድ ይደርሳል።

ከእነዚህ ምክንያቶች አንዱንም እኔና እናንተ መመለስ አንችልም። የምንችለው ከገበያ የምንገዛውን መቀነስ ነው።

ከራሴ ስህተት ልጀምር

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ትጉህ አባወራ ከቤቱ ጀርባ ያለውን መሬት በሙሉ ቲማቲም እንዲያለማበት መከርኩት። ጎመኑ፣ ድንቹና ጥቂት እንሰት ተነስቶ ቲማቲም ገባ። ምርቱ ያማረ ነበር። ግን የሁሉም ሰው ቲማቲም በአንድ ሳምንት ደረሰና ዋጋው ወደቀ። እኔ በሪፖርቴ ላይ ጥሩ ምርት ብዬ ጻፍኩ፤ ባለቤቱ ግን በዚያው ወር ጎመን በዱቤ እየገዛች ልጆቿን ታበላ ነበር። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ ስትነግረኝም አልተቆጣችም። ያ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል።

ለገበያ ማምረት መጥፎ ነው አልልም፤ ትምህርት ቤትና ሕክምና በብር ነው የሚከፈለው። ስህተቴ ለቤት የሚሆነውን ሳላስቀር ሁሉንም ለገበያ አድርጉ ማለቴ ነበር። ዛሬም እንሰቱን በሙሉ ነቅሎ ጫት ወይም ባህር ዛፍ የተካ ቤት ተመሳሳይ አደጋ ላይ ነው። እንሰት ለመድረስ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈልጋል፤ ከተነቀለ በኋላ ቢቆጭም ቶሎ አይመለስም።

አንደኛ፦ መዝግቡ

ለአንድ ወር የተገዛውን ምግብ ሁሉ በደብተር ጻፉ። የምትጽፈው እማወራዋ ወይም ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ይሁን። ምሳሌ እንውሰድ። በሳምንት 4 እስር ጎመን የሚገዛ ቤት በዓመት 208 እስር ይገዛል። በዛሬው የእስር ዋጋ አባዙት፤ የሚወጣው ቁጥር ጥቂት ጫጩቶች ወይም የዓመት ደብተርና እስክርቢቶ ይገዛል። በሳምንት 1 ሊትር ዘይት የሚጨርስ ቤት በዓመት 52 ሊትር ይጨርሳል፤ ሩቡን ቢቆጥብ 13 ሊትር ይተርፈዋል።

በወሩ መጨረሻ ብዙ ብር የበሉትን 5 ነገሮች ለዩ። የጓሯችሁ እቅድ እሱ ነው። ጎረቤት የዘራውን አይታችሁ አትዝሩ፤ ዘንቢላችሁ የሚጠይቀውን ዝሩ።

ሁለተኛ፦ ጓሮውን በደረጃ አልሙ

10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ቦታ ለመነሻ ይበቃል። መደቡ 1 ሜትር ስፋት ይኑረው፤ በመደቦቹ መካከል ግማሽ ሜትር መተላለፊያ ተዉ። ወደ መደቡ ሳትገቡ ከሁለቱም በኩል እጃችሁ እንዲደርስ ነው።

ቶሎ የሚደርስ። ቆስጣ ከተዘራ በሁለት ወር ገደማ ለምግብ ይደርሳል። የሐበሻ ጎመንን 20 እግር ብትተክሉና በየሳምንቱ ከእያንዳንዱ የታችኛውን 2 ወይም 3 ቅጠል ብትለቅሙ በሳምንት ከ40 እስከ 60 ቅጠል ታገኛላችሁ። ከላይ ያለውን እምቡጥ አትንኩ፤ እሱ እስካለ ድረስ ለወራት ይሰጣል። ሁሉን በአንድ ቀን አትዝሩ፤ በየሦስት ሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ዝሩ፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይደርሳል።

ሆድ የሚሞላ። ስኳር ድንች ከ4 እስከ 5 ወር ይፈልጋል። የተቆረጠውን ሐረግ በመስመሮች መካከል 60፣ በተክሎች መካከል 30 ሳንቲ ሜትር አራርቃችሁ፣ ሁለት ሦስተኛውን አፈር ውስጥ ቅበሩት። ብርቱካናማውን ዝርያ ምረጡ። ከሀዋሳ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት ቁልፎና ቱላ የተባሉት ዝርያዎች የዚህ ዓይነት ናቸው። አንድ አነስተኛ የተቀቀለ ብርቱካናማ ስኳር ድንች ለትንሽ ልጅ የቀኑን የቫይታሚን ኤ ፍላጎት ይሸፍናል። ለጋ ቅጠሉም እንደ ጎመን ተሠርቶ ይበላል።

ሥጋን የሚተካ። ቦሎቄን በበቆሎ መካከል ዝሩ። ሀዋሳ ዱሜ የተባለው ቀይ ቦሎቄ ከዚሁ ከምርምር ማዕከላችን የወጣ ነው። ቦሎቄ መሬቱን ያዳብራል፤ በንፍሮ ከበቆሎ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል።

ለወጥ መሥሪያ። ነጭ ሽንኩርት፣ ባሮ ሽንኩርትና ቃሪያ በመደቡ ጠርዝ ላይ ይተከሉ። ባሮ ሽንኩርት ቀይ ሽንኩርቱን በከፊል ይተካል።

ቦታ የጠበባችሁ ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ተጠቀሙ፤ በውሃ በደንብ ይታጠብ። ሁለት እጅ ለም አፈር፣ አንድ እጅ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅላችሁ ሙሉት፤ ውሃ እስከ ታች እንዲወርድ መሃሉ ላይ ከላይ እስከ ታች የጠጠር ምሰሶ ይኑረው። ጎኑን በስታችሁ ችግኝ ትከሉበት። ቆስጣና ጎመን በዚህ መንገድ በደጃፍ ላይ ይበቅላሉ።

ክሽክሽ ሲነሳ ወደ መርጫ መሣሪያ አትሩጡ። ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ወቅጣችሁ፣ በውሃ ዘፍዝፋችሁና አጥላችሁ፣ ጥቂት ሳሙና ጨምራችሁ ማታ ማታ ርጩ። ከቆሻሻ ቦይ የተቀዳ ውሃ ግን ለአትክልት አይሁን። በእንሰት ላይ አጠውልግ ካያችሁ የታመመውን ነቅላችሁ ርቃችሁ ቅበሩ፤ ቢላዋና መፋቂያውን ወደ ሌላው ተክል ሳትሄዱ በእሳት ለብልቡ።

ሦስተኛ፦ ድስቱን አስተካክሉ

የተመረተው ነገር ማዕድ ቤት ውስጥ ከባከነ ጓሮው ብቻውን አያድነንም። እዚህ ላይ እናቶች ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ፤ ያየሁትን ልጨምር።

ዘይት በጠርሙስ አይፍሰስ፤ በማንኪያ ይለካ። ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ ጠብታ ውሃ እያደረጋችሁ ካቁላላችሁ በኋላ ዘይት ብትጨምሩ በግማሽ ማንኪያ የምትጠግቡትን ጣዕም ታገኛላችሁ። ይህ የእናቶቻችን ዘዴ ነው፤ የረሳነው እኛ ነን።

ቦሎቄን ማታ ዘፍዝፉት። ጠዋት የዘፈዘፋችሁበትን ውሃ ደፍታችሁ በአዲስ ውሃ ጣዱት። መጀመሪያ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ በደንብ ይንተክተክ፤ በደንብ ያልበሰለ ቀይ ቦሎቄ ሆድ ይጎዳል። ከዚያ ድስቱን ከድናችሁ አውርዱና በገለባ በተሞላ ቅርጫት ወይም ካርቶን ውስጥ ቅበሩት፤ ከላይም በአሮጌ ብርድ ልብስ ሸፍኑት። በራሱ ሙቀት እየበሰለ ይቆያል። ስትከፍቱት ካልለሰለሰ መልሳችሁ ጥቂት አፍሉት። የከሰል ወጪያችሁ ምን ያህል እንደሚቀንስ በሳምንቱ ታዩታላችሁ። ለእንጀራ ምርጥ ምድጃ፣ ለከሰል ላቀች ምድጃ ብትይዙ ደግሞ ቁጠባው ይጨምራል።

ጎመን ቀቅላችሁ ውሃውን አትድፉ፤ በትንሽ ውሃ ከድናችሁ አብስሉት፤ የቀረውን ውሃ ለወጥ አድርጉት። የቀይ ሥርን ቅጠልና የዱባን ለጋ ቅጠል አትጣሉ።

ለእንጀራ ጤፉን ከበቆሎ ወይም ከማሽላ ጋር ቀላቅሉ። ሁለት እጅ ጤፍ፣ አንድ እጅ በቆሎ ብላችሁ ጀምሩና እየቀመሳችሁ አስተካክሉ። የተረፈ እንጀራ ሳይሻግት ድርቆሽ ይሁን። ሽሮውን በቤት አዘጋጁ፤ ነገር ግን ርካሽ ነው ብላችሁ ጓያን ዋና ምግባችሁ አታድርጉት፤ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲበላ እግርን ሽባ ያደርጋል።

ቆጮ ሆድ ያጠግባል፤ ብቻውን ግን አካል አይገነባም። ጎመን፣ ቦሎቄ፣ ወተት ወይም እንቁላል ከጎኑ ይኑር። አያቶቻችን ዋሳን ያለ አጃቢ ያቀረቡት ቸግሯቸው እንጂ ወደው አልነበረም።

አራተኛ፦ ጎተራውን ጠብቁ

በቆሎ ሲደርስ በርካሽ ሸጠን ከወራት በኋላ የራሳችንን በቆሎ በውድ የምንገዛ ብዙዎች ነን። የቤት ቀለቡን አስቀድማችሁ ለዩ። እህሉ መድረቁን ለማወቅ በደረቀ ጠርሙስ ጥቂት እህልና ደረቅ ጨው ጨምራችሁ ናጡ፤ ለ15 ደቂቃ አስቀምጡት። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ጋር ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነው፤ እንደገና ይሰጣ። ሲደርቅ አየር በማያስገባ ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ውስጥ አስሩት። ነቀዝ ያለ አየር አይኖርም፤ መድኃኒትም አያስፈልጋችሁም።

ቁጠባ የማይነካው ነገር

ቁጠባ ስንል ከልጅ አፍ መቀነስ ማለት አይደለም። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናትና ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ከሚበሉት አይቀነስም። በዚያ ዕድሜ የቀነጨረ ልጅ በኋላ ቢበላም የጎደለው ሙሉ በሙሉ አይመለስም።

አምስት ዶሮ ያላችሁ እንቁላሉን ሁሉ ሸጣችሁ ዘይት አትግዙ። መጀመሪያ ለልጆች፣ የተረፈው ለገበያ። ዶሮዎቹን የማዕድ ቤት ትርፍራፊ መግቡ፤ የፈንግል ክትባታቸውን ግን አታሳልፉ፤ አንድ ወረርሽኝ የዓመት ልፋት በሳምንት ይወስዳል።

እነሆ የቤት ሥራችሁ

ሞዴል የተባላችሁት ጎረቤት አይቶ እንዲከተላችሁ ነው። ስለዚህ ከዚህ ስትመለሱ፦

1. በዚህ ሳምንት የወጪ ደብተር ክፈቱ።
2. በ15 ቀን ውስጥ ቢያንስ ሁለት መደብ ወይም አራት ከረጢት ተክሉ።
3. በአንድ ለአምስት አደረጃጀታችሁ ያሉትን ቤቶች ጠርታችሁ ጓሯችሁን አሳዩ፤ በገለባ የበሰለውን ቦሎቄም አቅምሱ። ዘርና ሐረግ ተዋሱ፣ አዋሱ።

በወሩ መጨረሻ ወደየቤታችሁ ስመጣ በቅድሚያ የማየው ማሳችሁን አይደለም። ደብተሩን፣ መደቡንና የልጆቹን ሳህን ነው። እኔም እንደ ድሮው በሪፖርቴ ላይ የኩንታሉን ብዛት ብቻ አልጽፍም፤ ከገበያ መግዛት ያቆማችሁትን ነገር በስሙ እጽፋለሁ።

አበው ጎመን በጤና ይላሉ። ጎመኑ ከራስ ጓሮ ሲሆን ደግሞ ዱቤም የለበትም።

አሁን ወደ ማሳያ ጓሮው እንሂድ፤ እጃችንን አፈር እናስነካ።