ከጎጃም ስለማይታየው ብርሃን



የዛሬውን ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ያነበበ አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ «ደብረ ማርቆስ ተቀምጠህ ስለ ሰሜን ብርሃን ልታወራ ነው?» ሲል ቀለደብኝ። ቀልዱ ፍሬ አለው። በሰሜንና በደቡብ ዋልታዎች አካባቢ ሌሊት ሰማዩን አረንጓዴና ቀይ የሚያለብሰው ብርሃን ከጮቄ ተራራ ጫፍ ላይ ቢወጡም አይታይም። ይህን ርእስ የመረጥሁት ግን ከሃያ ዓመት በላይ የቆየ ዕዳ ስላለብኝ ነው። ዕዳው ለአባቴ የሰጠሁት የተሳሳተ መልስ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ለዶክትሬት ትምህርት ወደ ሰሜን አውሮፓ በሄድሁበት ጊዜ ነው። በየካቲት ወር ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ወደ ሰሜን ፊንላንድ፣ ሶዳንኪላ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ተጓዝን። በዚያ እ.ኤ.አ. በ1913 የተመሠረተ የጂኦፊዚክስ ምርምር ጣቢያ አለ። እዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል ልናገር። የአውሮፓው ቀዝቃዛ ወቅት በአማርኛ መጻሕፍት «ክረምት» እየተባለ ይተረጎማል። ለጎጃም ሰው ግን ክረምት ዝናብ፣ ጭቃና ደመና ነው፤ ሰማይ የማይታይበት ወቅት ነው። የእኛ ብርድ በታኅሣሥና በጥር፣ ሰማዩ ጠርቶ ሜዳው ውርጭ ለብሶ በሚያድርበት በበጋው ይመጣል። ስለዚህ የዚያን አገር «የክረምት ሌሊት» በልባችሁ ስትሥሉት የእኛን የጥር ሌሊት ውሰዱና ብርዱን ብዙ እጥፍ አድርጉት። የዚያን ዕለት ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች 28 ዲግሪ ያሳይ ነበር። ስተነፍስ የአፍንጫዬ ውስጥ ሲደርቅና ሲጣበቅ ይሰማኝ ነበር፤ ከቤት የተላከልኝን ጋቢ ከካፖርቴ ሥር ደርቤ ነበር።

መጀመሪያ ያየሁት አሳዘነኝ። በሰሜን በኩል ከዛፎቹ በላይ የተጋደመ፣ ሐመር መልክ ያለው፣ ደመና የሚመስል ቅስት ነበር። «ይህ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። አብሮኝ የቆመው የአገሩ ልጅ «ጠብቅ» አለኝ። ለአንድ ሰዓት ያህል እግሬን እያማታሁ ጠበቅሁ። ከዚያ ቅስቱ በምሥራቅ ጫፉ በኩል ደመቀ፤ አረንጓዴነቱ ለዓይን ግልጽ ሆነ፤ ወዲያው እንደ መጋረጃ ተጣጠፈና ከአድማስ ወደ አናታችን ሮጠ። የመጋረጃው የታችኛው ጠርዝ ወይን ጠጅ መልክ ነበረው፤ ወደ ላይ ደግሞ ደብዛዛ ቀይ። አናታችን ላይ ሲደርስ ጨረሮቹ ሁሉ ከአንድ ነጥብ የሚወርዱ መሰሉ። እኔን ከሁሉ ያስደነገጠኝ ጸጥታው ነው። በእኛ አገር ሰማይ እንዲህ ሲንቀሳቀስ ነጎድጓድ ይከተለዋል፤ እኔም ሳላስበው ነጎድጓዱን እጠብቅ ነበር። ምንም አልመጣም። ሁሉም ከዐሥር ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ አለቀ።

ወደ አገሬ ስመለስ ይህን ሁሉ ለአባቴ ተረክሁለት። አባቴ ገበሬ ነበር፤ ፊደል አልቆጠረም። በጥሞና አዳመጠኝና «ከእኛስ ለምን አይታይም?» አለኝ። እኔም ቸኩዬ «እዚያ ብርዱ ስለሚበረታ ነው» አልሁት። አባቴ በርኖሱን ሰብሰብ አድርጎ፣ «እኛስ ዘንድ ብርድ ጠፋ እንዴ?» አለና ወሬውን ለወጠ። ፊዚክስ ተምሮ የመጣ ልጁ እንዳላወቀ ገብቶት ነበር። ትክክለኛውን መልስ ሳልነግረው አረፈ።

መልሴ ለምን ስሕተት እንደ ሆነ ልግለጽ። የሰሜን ብርሃንና ብርድ አንዳች የምክንያት ዝምድና የላቸውም። ብርሃኑ በሰኔም በሐምሌም አለ፤ በእነዚያ ወራት እዚያ ሌሊቱ ስለማይጨልም ብቻ አይታይም። ብርሃኑ የሚፈጠረው ከምድር በላይ ከ100 ኪሎ ሜትር ጀምሮ እስከ 300 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ነው። ከፀሐይ ያለማቋረጥ የሚነፍሰው የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች ነፋስ የምድርን ማግኔታዊ መስክ ገፍቶ ከሌሊቱ ወገን እንደ ጅራት ይጎትተዋል። በዚያ ጅራት የተጠራቀመው ኃይል ሲለቀቅ ኤሌክትሮኖችን ወደ ምድር ያስፈነጥራል። እነርሱም ከከባቢ አየር ኦክስጅንና ናይትሮጅን ጋር ሲጋጩ ጋዙ ያበራል። አረንጓዴው የኦክስጅን አቶም ብርሃን ነው፤ የሞገድ ርዝመቱ 557.7 ናኖሜትር ነው። ከላይ ያለው ቀይም እንዲሁ የኦክስጅን ሲሆን 630 ናኖሜትር ነው። የታችኛው ወይን ጠጅ ጠርዝ የናይትሮጅን ነው።

ታዲያ ለምን ወደ እኛ አይመጣም? ኤሌክትሮን የማግኔት መስመርን ተከትሎ ይሄዳል እንጂ እንደ ልቡ አያቋርጠውም። በመካከሏ ተንጠልጥላ ወደ ላይም ወደ ታችም መዘንበል የምትችል የማግኔት መርፌ ያዙ። ሶዳንኪላ ላይ መርፌዋ ከአግድሙ ወደ 77 ዲግሪ ያህል ወደ መሬት ትደፋለች፤ ቀጥ ብላ ልትተከል ምንም አይቀራት። እዚህ ጎጃም ላይ ግን እንደ ሚዛን ክንድ አግድም ትተኛለች። ምክንያቱም የማግኔት ወገብ የሚባለው መስመር አገራችንን አቋርጦ የሚያልፈው ከእኛ ሳይርቅ ነው። በሰሜን የማግኔት መስመሮቹ እንደ ምሰሶ ቆመዋል፤ ቅንጣቱም በምሰሶው ላይ ይወርዳል። በእኛ ላይ መስመሮቹ እንደ ማገር ተጋድመዋል። ከላይ የመጣ ቅንጣት ማገሩን ሰብሮ አይገባም። ለአባቴ ይህን ያህል ብለው ይበቃው ነበር፤ ቤት መሥራት ያውቅ ነበርና።

ይሁን እንጂ እዚህ ላይ ባቆም የንግግሬ ዋና ጉዳይ ይቀራል። ከእኛ በላይ ያለው ያ የተጋደመ ማገር የራሱ ሥራ አለው።

እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1958 በተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት አዲስ አበባ ላይ የማግኔት መመልከቻ ጣቢያ ተቋቋመ። ቦታው የተመረጠው ለማግኔት ወገብ ቅርብ ስለሆነ ነው። በዚያ ወገብ ላይ፣ ከምድር በላይ 105 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ስፋቱ ወደ 600 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የኤሌክትሪክ ፍሰት ቀን ቀን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይጎርፋል። ሲድኒ ቻፕማን የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1951 ስም አውጥቶለታል፤ እኛ «የምድር ወገብ የኤሌክትሪክ ጎርፍ» ልንለው እንችላለን። ከፍታውን ልብ በሉ። የሰሜን ብርሃን መጋረጃ የታችኛው ጠርዝ የሚያርፈውም እዚያው ከፍታ አጠገብ ነው። ያው አንዱ የአየር ንብርብር በዋልታ ያበራል፤ በእኛ ላይ ይጎርፋል።

የአዲስ አበባውን ጣቢያ ይመሩ የነበሩት ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ካህን አባ ፒየር ጉዋን ናቸው። ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸው በኢትዮጵያ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ መጽሐፋቸው ነው። እኒህ ሰው የጣቢያውን መዝገብ ሲመረምሩ አንድ እንግዳ ነገር አዩ። በአንዳንድ ቀናት ጎርፉ በጠራራ ፀሐይ አቅጣጫውን ገልብጦ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይፈስሳል። ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ1962፣ በእኛ 1954 ዓ.ም.፣ ኔቸር በተባለው መጽሔት በሁለት ገጽ ጽሑፍ አሳወቁ። ዛሬ በመላው ዓለም «ተቃራኒው ጎርፍ» እየተባለ የሚጠናው ክስተት ምርምር ሥሩ ከዚያ ጽሑፍ ይመዘዛል። እኔ ይህን ያወቅሁት በባዕድ አገር ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ስለ ሌላ ነገር ስፈልግ ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እስከ መጀመሪያ ዲግሪ በተማርሁባቸው ዓመታት ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ስለዚህ ለአባቴ «እዚያ ብርሃን አለ፣ እዚህ ምንም የለም» ያልሁ ያህል ሆነ።

ሌሊትስ? ሌሊት የእኛ ሰማይ ጨለማ ነው ብላችሁ ታስባላችሁ፤ አይደለም። ቀን የፀሐይ ብርሃን የሰባበራቸው አቶሞችና ሞለኪውሎች ሌሊት ተመልሰው ሲጣመሩ ትንሽ ብርሃን ይሰጣሉ። ቀለማቱ በሶዳንኪላ ያየኋቸው ናቸው፦ አረንጓዴው 557.7፣ ቀዩ 630 ናኖሜትር። ልዩነቱ የብርታት ነው፤ የእኛው ቀይ ዓይን ሊያየው ከሚችለው በታች ነው። መሣሪያ ግን ያየዋል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተተከለ ፋብሪ ፔሮ የተባለ መሣሪያ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2015 ጀምሮ ይህን ቀይ ብርሃን ተቀብሎ፣ ከቀለሙ ጥቃቅን መዛነፍ በ250 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚነፍሰውን ነፋስ ፍጥነትና ሙቀት ለክቷል። ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። ይህን የምርምር ዘርፍ በባሕር ዳር ከመሠረቱት አንዱ ዶክተር ባይሌ ዳምጤ ዶክትሬታቸውን ያገኙት ከፊንላንዱ ኦሉ ዩኒቨርሲቲ ነው። የቤተ ሙከራው ስም «ዋሸራ» ነው። የዋሸራን የቅኔ ጉባኤ ለምታውቁ የስሙን ነገር ማብራራት አያስፈልገኝም፤ እኔ በበኩሌ በዚህ ስም አወጣጥ እቀናለሁ።

ነገሩ የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፀሐይ እንደ ጠለቀች፣ በተለይ በመስከረምና በመጋቢት አካባቢ፣ ከማግኔት ወገብ በላይ ያለው ኤሌክትሪካዊ አየር ይናጣል፤ ድስት ሲፈላ ከሥሩ አረፋ እንደሚወጣ፣ ቀለል ያለው ክፍል ከታች እየፈነዳ ወደ ላይ ይወጣል። ከ20 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ከሚዞሩት ሳተላይቶች የሚመጣው የጂፒኤስ ምልክት በዚህ አረፋ ውስጥ ሲያልፍ ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዴም ይቋረጣል። አውሮፕላን የሚያበርና በሳተላይት የሚገናኝ ሁሉ ይነካዋል። በዚህ ረገድ ከሁሉ ይልቅ የሚቸገሩት በማግኔት ወገብ ዙሪያ ያሉ አገሮች ናቸው፤ መለኪያ መሣሪያ ግን በብዛት የተተከለው በሌላ ሥፍራ ነው።

አንድ ተማሪዬ ግንቦት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት ስለሆነው ነገር ጠየቀችኝ። በዚያ ሌሊት የፀሐይ ማዕበል ምድርን መትቶ የሰሜን ብርሃን እስከ ሜክሲኮ ድረስ ታየ፤ ስልካችሁ በፎቶግራፍ ተሞላ። «ለእኛ ምንም አልደረሰንም?» አለችኝ። የአባቴ ጥያቄ ተመልሶ መጣ። በዚህ ጊዜ ግን መልስ ነበረኝ። በማዕበሉ ጊዜ ምድርን በወገቧ ዙሪያ የሚከብ የኤሌክትሪክ ቀለበት ይበረታል፤ ቀለበቱ በዝቅተኛ ኬክሮስ ያለውን የማግኔት መስክ ያዳክማል። በዚያ ሌሊት በዓለም አቀፉ መለኪያ ቅናሹ ከ400 ናኖቴስላ በላይ ነበር። በእኛ አካባቢ ያለው መስክ ወደ 36 ሺህ ናኖቴስላ ስለሆነ፣ ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ማለት ነው። ስለዚህ ማዕበሉ በተኛንበት በላያችን አልፏል። መርፌዋ አውቃለች፤ ዓይናችን አላወቀም።

በመጨረሻ ከእኛ ስለሚታየው ላንሣ። ልጅ ሳለሁ በታኅሣሥና በጥር አውድማ ላይ ከአባቴ ጋር እህል ስንጠብቅ እናድር ነበር። ጭዱ ውስጥ ተቀብሬ፣ ጋቢ ተከናንቤ፣ ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል በምሥራቅ በኩል ሾጠጥ ያለ ነጭ ብርሃን ከአድማስ እንደ ጦር ጫፍ ሲነሣ አይና «አባ፣ ነጋ!» እለው ነበር። እርሱም ሳይነሣ፣ «ተኛ አንተ፣ ገና ነው፤ ይሄ ንጋት አይደለም» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነበር። ያ ብርሃን በፕላኔቶች ምሕዋር ጠለል ላይ የተበተነ ትቢያ የፀሐይን ብርሃን ሲመልስ የሚታይ ነው። የእስልምና ሊቃውንት ከእውነተኛው ንጋት ለይተው «ፈጅር ካዚብ»፣ ሐሰተኛው ንጋት፣ ይሉታል። በሰሜን አገሮች ይህ ብርሃን ዓመቱን ሙሉ በደንብ አይታይም፤ አድማሱ ላይ ስለሚያጋድል ከጭጋግ ጋር ይቀላቀላል። በእኛ ኬክሮስ ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ለሰሜን ብርሃን የመጀመሪያውን የተሟላ ኤሌክትሪካዊ ማብራሪያ የሰጠው ኖርዌጂያዊው ክርስቲያን ቢርክላንድ ነው። በአየር አልባ የመስተዋት ሣጥን ውስጥ ማግኔት ያዘለች ትንሽ ሉል አኑሮ፣ ኤሌክትሮን ሲለቅባት በዋልታዎቿ ዙሪያ ቀለበት ሆኖ እንደሚበራ ያሳየ ሰው ነው። ይህ ሰው በዕድሜው መጨረሻ የአገሩን ሰማይ ትቶ ወደ ሱዳንና ወደ ግብፅ መጣ፤ ዓመታትም በዚያ ተቀመጠ። የመጣው ያንን ሾጠጥ ያለ ነጭ ብርሃን ለማየት ነው። እኔ ብርሃን ፍለጋ ከአባይ ምንጭ ወደ ሰሜን ስሄድ፣ እርሱ ቀድሞ ያንኑ ወንዝ ተከትሎ ወደ እኛ አቅጣጫ ወርዶ ነበር።

የፊታችን ጥር ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት፣ ከከተማው መብራት ወጣ ብለን በጮቄ መንገድ ላይ እንገናኛለን። ከንጋቱ ዐሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ወደ ምሥራቅ ዙሩ። ጋቢ አትርሱ።