ስለ ጠንካራ ውሃ አቈጣጠር በአጣዬ የተነገረ ዲስኩር



ከመንዝ ደጋ ወደ ይፋት ቆላ የሚወርደው ተረተር፣ በአመዛኙ ጥንት እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ የተደራረበበት እንጂ የኖራ ድንጋይ አገር ስላይደለ፣ በአንድ የጉድጓድ ውሃ መመርመሪያ ወረቀት ላይ «ጠቅላላ ጥንካሬ 300 ሚሊግራም በሊትር፣ በካልሲየም ካርቦኔት» ተብሎ ተጽፎ ያየ ተማሪ፣ ይህ ሁሉ ኖራ ከየት መጣ ብሎ ቢደነቅ አይፈረድበትም።

ኖራው ከየትም አልመጣም። የዝናቡ ውሃ በአፈር ውስጥ ሲሰርግ፣ ከሥራሥሩና ከሚበሰብሰው ቅጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተቀብሎ ደካማ አሲድ ይሆናል፤ ይኸውም አሲድ የጥቁሩን ድንጋይ ማዕድናት ቀስ በቀስ እየፈታ፣ ሳሙናን አረፋ የሚነሱትን የካልሲየምና የማግኒዥየም አዮኖች ያወጣል። ካልሲየም ካርቦኔት ግን መስፈርት ብቻ ነው። አባቶቻችን በአልዩ አምባ ገበያ የሸማውን ዋጋ በአሞሌ ሲናገሩ፣ በሻጩ ስልቻ ውስጥ ጨው አለ ማለታቸው እንዳልነበረ ሁሉ፣ የኬሚስትሪ ሊቃውንትም ሁለቱን አዮኖች በአንድ ሒሳብ ለመደመር ሲሉ ይህን ውሑድ ተመን አደረጉት፤ የአንድ ሞሉ ክብደት 100 ግራም ያህል መሆኑም ለአካፋዩ እጅግ ይመቻል።

እንግዲህ 300 ለ100 ሲካፈል 3 ሚሊሞል በሊትር ይሆናል፤ ይህም የሁለቱ አዮኖች ድምር ነው። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ቸኩሎ 3ን በ40 ያባዛና «120 ሚሊግራም ካልሲየም» ብሎ ይጽፋል፤ ይህ ስሌት በኖራ ድንጋይ አገር ለእውነቱ ሊቀርብ ቢችልም፣ ጥቁሩ ድንጋይ ማግኒዥየምን በሚለግስበት አገር ግን ያስታል። ሌላው ደግሞ ለ50 አካፍሎ 6 ያገኝና ሚሊሞል ይለዋል፤ እያንዳንዱ አዮን ሁለት የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው፣ 6 የሙሎቹ ቍጥር እንጂ የአዮኖቹ አይደለም።

ሁለቱን ለመለየት ሁለት ጊዜ መመርመር ግድ ነው። በፒኤች 10 ላይ ኢዲቲኤ የተባለው ኬሚካል በውሃው ላይ ጠብ ሲደረግ፣ ኤሪዮክሮም ብላክ ቲ የተባለው ቀለም ከወይን ጠጅ መልክ ወደ ሰማያዊ የተለወጠ እንደሆነ የሁለቱ ድምር ይታወቃል፤ ፒኤቹ ከ12 ሲያልፍ ግን ማግኒዥየሙ ሃይድሮክሳይድ ሆኖ ስለሚዘቅጥ፣ በሌላ ቀለም ካልሲየሙ ብቻውን ይለካል። ይህ ሁለተኛው ልክ በዚያው ተመን 180 ቢሆን፣ ካልሲየሙ 1.8 ሚሊሞል፣ ማለት 72 ሚሊግራም ነው፤ የቀረው 1.2 ሚሊሞል ማግኒዥየም 29 ሚሊግራም ያህል ይመዝናል።

መስፈርቱ ራሱ አካል ገዝቶ የሚታየው በማንቆርቆሪያ ውስጥ ነው፤ ባይካርቦኔት ያለበት ውሃ ሲፈላ በግድግዳው ላይ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነውና። ስለዚህ ያንኑ ውሃ ካፈላችሁና ካጠለላችሁ በኋላ እንደ ገና ለኩት፤ የጐደለው ጊዜያዊ ጥንካሬው፣ የቀረው ቋሚው ነው።