ዓሣ ለማጥመድ መንጠቆንና መብሉን ስለ መምረጥ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)



 ይህን ርእስ ተመካክረን ስንመርጥ አንዳንድ ጓደኞቻችን «በእንዲህ ያለ ቀን ስለ ትልና ስለ መንጠቆ ይወራልን?» ብለው ስቀውብናል። ነገር ግን በይፋግ ተወልደን ካደግነው ልጆች መካከል ርብ ወንዝ ዳር ተቀምጦ ክር ያልጣለ ጥቂት ነው። ለደብተርና ለእርሳስ መግዣ የሚሆን ገንዘብ ከዓሣ ያገኘን ብዙዎች ነን። ስለዚህ በመጀመሪያ የምናውቀውን፥ በመጨረሻም የበደልነውን እንናገራለን።

በሰሜን አውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ሳልሞን የሚባል ዓሣ አለ። ከወንዝ ተወልዶ ወደ ባሕር ይወርዳል፤ አድጎ የመራቢያው ጊዜ ሲደርስ ፏፏቴ እየዘለለ ወደ ተወለደበት ወንዝ ይመለሳል። ወንዝ ከገባ በኋላ ምግብ ይተዋል። ይሁን እንጂ አጥማጆች ከላባ በተሠራ ዝንብ፥ በሚያብለጨልጭ ብረት፥ እንዲያውም በራሱ በሳልሞን እንቁላል ያጠምዱታል። የማይበላ ዓሣ ስለ ምን ይነክሳል ቢባል፥ እኩሌቶቹ ከቁጣ የተነሣ ነው ይላሉ፤ እኩሌቶቹ ደግሞ የቀድሞ ልማዱ ነው ይላሉ። ሳልሞን በአገራችን የለም፤ የሥጋ ዘመዱ ትራውት ግን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ተለቋል።

ታዲያ እኛስ? የእኛ ጣና በስፋት ከኢትዮጵያ ሐይቆች ሁሉ ይበልጣል፤ ስፋቱም ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል። በውስጡም በተለምዶ ነጭ ዓሣ የምንለው፥ ሊቃውንት ላቢዮባርበስ የሚሉት ወገን አለ። ጀርመናዊው ኤዱዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደ ጎንደር መጥቶ ከእነዚህ ዓሦች ብዙዎቹን ለዓለም አስተዋወቀ። ከእርሱ በኋላ የመጡት ተመራማሪዎች በጣና ብቻ 15 ያህል ዓይነት ለይተዋል። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች ያለው ዓሣ ወደ ላይ እንዳይወጣ ስለሚከለክል፥ ከእነዚህ የሚበዙት በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ አይገኙም።

እንግዲህ ወደ መንጠቆው እንምጣ። በእኛ አካባቢ ያሉትን ዓሦች አጥማጅ በሦስት ይከፍላቸዋል። እነርሱም ቆሮሶ፥ አምባዛና ነጭ ዓሣ ናቸው። የሦስቱም አፍ ልዩ ልዩ ስለ ሆነ መንጠቆውም መብሉም ልዩ ልዩ መሆን አለበት።

ቆሮሶ አፉ ትንሽ ነው፤ የሚመገበውም በአብዛኛው በውኃ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ ነገር ነው። ስለዚህ ትንሽ መንጠቆና ቀጭን ክር ያስፈልገዋል። የስንዴ ሊጥ በጣት ተድቦልቡሎ ወይም ቁራጭ ትል ይሰካለታል። ከመንጠቆው በላይ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ቡሽ ወይም የደረቀ የሸንበቆ ቁራጭ ይታሰራል፤ ይህም መብሉን በደንገሉ አጠገብ አንጠልጥሎ ይይዘዋል፤ ሲነከስም ይነግረናል። ቡሹ በተንቀጠቀጠ ጊዜ የሚስብ ሰው ባዶ መንጠቆ ያወጣል፤ ወደ ጎን ሲሄድ ወይም ሲሰጥም የሚስብ ግን ዓሣ ያወጣል።

አምባዛ ደግሞ በጭቃ ውስጥ የሚኖር ባለጢም ዓሣ ነው። በድፍርስ ውኃ ዓይኑ ብዙ ስለማይጠቅመው በሽታና በጢሙ እየዳሰሰ ይፈልጋል። ስለዚህ የሚሸት መብል፥ ማለት የዶሮ አንጀት፥ የሥጋ ቁራጭ ወይም ወፍራም ትል ይወዳል። ክሩ ወፍራም፥ መንጠቆው ትልቅ ይሁን። ቡሽ አያስፈልግም፤ በዚህ ፈንታ መካከሉ የተበሳ እርሳስ በክሩ ላይ ይገባና ከመንጠቆው አንድ ስንዝር ያህል ሲቀረው ቋጠሮ ይገታዋል። መብሉ መሬት ላይ ይቀመጣል፤ አምባዛው ሲወስደው ክሩ በእርሳሱ ቀዳዳ ውስጥ ስለሚያልፍ ክብደቱ አያስደነግጠውም። ጊዜውም ፀሐይ ስትጠልቅ ነው።

ነጭ ዓሣ ግን አንድ አይደለም። አንዳንዱ ከንፈሩ ወፍራም ሆኖ ከጠጠር መካከል ትላትል ይለቅማል፤ ለዚህ ትል ሰክቶ ከወንዙ በታች እንዲንከባለል ቀለል ያለ እርሳስ ማሰር ነው። ከ15ቱ ግን 8ቱ ዓሣ በል ናቸው። ወገናቸው የካርፕ ወገን ስለ ሆነ በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፤ የያዙትን የሚያደቅቁት በጉሮሯቸው ውስጥ ባለው ጥርስ ነው። እንዲህ ያለውን ዓሣ በል ለመያዝ ትንሽ ዓሣ ወይም እንደ ዓሣ የሚያብለጨልጭ ቁራጭ ቆርቆሮ መጐተት ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው አንድ ነገር ነው። መብል የሚመርጥ ሰው ዓሣውን ይመርጣል። ቆሮሶ ቢፈልግ ቆሮሶ፥ አምባዛ ቢፈልግ አምባዛ ይይዛል፤ ያልፈለገውን ደግሞ ከነሕይወቱ መልሶ ይለቃል። ብርብራ ግን አይመርጥም። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውኃ ውስጥ ሲበተን ሮቴኖን የተባለው መርዙ ዓሣው አየርን እንዳይጠቀምበት ይከለክለዋል፤ ትልቁም ትንሹም አብሮ ይንሳፈፋል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315 በመርዝ ማጥመድን የከለከለው ስለዚህ ነው።

አሁን የበደልነውን እንናገር። ያለፈው ክረምት ነሐሴ መጨረሻ ላይ አራት ሆነን ወደ ርብ ወረድን። ትምህርት ሊጀመር የቀረው ጥቂት ቀን ነበር፤ ከመካከላችን ሁለቱ ደብተር የሚገዛላቸው አልነበራቸውም። ወንዙ ሞልቶ ደፍርሶ ነበርና ቀኑን ሙሉ ትል ሰክተን ብንጠብቅ አንድም አልነከሰልንም። ወደ ማታ ግን ወደ ርብ በምትገባ አንዲት ጠጠራማ ጅረት ውስጥ ነጭ ዓሦች በገፍ ሲወጡ አየን። ከቤት ብርብራ አምጥተን ወቀጥንና በተንን።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ 11 ትልልቅ ዓሦች ለቀምን። ስንቀዳቸው የሚበዙት ሆዳቸው በእንቁላል የተሞላ ነበር። ከታች ባለው ኩሬ ግን በጣት የሚለኩ ትንንሽ ዓሦች ነጭ ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ተንሳፈው ነበር፤ ልንቈጥራቸው አልቻልንም። ከብት የሚያጠጡ አንድ ሽማግሌ አባት ቆመው አዩንና፥ «ልጆቼ፥ ለዘር የተቀመጠ ጤፍ ተፈጭቶ ሲጋገር አይታችኋልን?» ብለው ብቻ ሄዱ። እኛም ዓሣውን ሸጥን፤ በምን እንደ ያዝነው ለገዢው አልነገርንም። ደብተሩን ገዛን፤ ይህንም ንግግር መጀመሪያ የጻፍነው በዚያው ደብተር ላይ ነው።

የሽማግሌውን ቃል ትርጉም የተረዳነው በኋላ በሥነ ሕይወት ክፍለ ጊዜ ነው። ከነጭ ዓሦች 7ቱ ያህል ዓይነት በክረምት ከጣና ወጥተው በርብ፥ በጉማራ፥ በመገጭና በግልገል ዓባይ ወደ ላይ እየተጓዙ በጠራ ውኃና በጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ የሚፈልቁ ናቸው። እንግዲህ የእኛ ወንዝ የጣና ዓሣ የሚወለድበት ቤት ነው። ጊዜውም ከሐምሌ እስከ ጥቅምት፥ ይልቁንም ነሐሴና መስከረም ነው፤ ይኸውም እኛ ደብተር የምንፈልግበት ወር ነው። ከ1986 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ጣና ገባ፤ መረቡም ወደ መራቢያቸው የሚጓዙትን ዓሦች በወንዞቹ አፍ ጠብቆ ይይዝ ጀመር። ተመራማሪዎች በ1991ና በ2001 (እ.ኤ.አ.) መካከል የነጭ ዓሣው ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል እንደ ቀነሰ ጽፈዋል። ዛሬ ደግሞ በርብ ላይ ግድብ ስላለ፥ ከግድቡ በታች የቀረው ጠጠር ከቀድሞው ይልቅ ውድ ሆኗል።

አንዳንዱ ሰው «የአራት ልጆች ብርብራ ጣናን አያደርቅም» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ ትልቁ ጥፋት የመረቡ ነው። ነገር ግን በየጅረቱ አራት አራት ልጆች ቢወርዱ ስንት ይሆናሉ? ደግሞስ ራሳችን በብርብራ እየገደልን ባለመረቡን በምን አፍ እንወቅሰዋለን?

ስለዚህ እኛ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ይህን ወስነናል። ብርብራ ከእንግዲህ በእጃችን አይወቀጥም። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በጠጠራማ ጅረቶች ውስጥ መንጠቆ እንኳ አንጥልም። ከኅዳር እስከ ግንቦት ግን ውኃው በጠራ ጊዜ በመንጠቆ ቆሮሶና አምባዛ እናጠምዳለን፤ ከሽያጩም ከፊሉን በክፍላችን ሣጥን እናስቀምጣለን፤ መስከረም ሲጠባ ደብተር ለሌለው ጓደኛችን ከዚያ ይገዛለታል። እኛ ተመርቀን ስንሄድ ሣጥኑን ለታናናሾቻችን እናስረክባለን። መምህራኖቻችን ሣጥኑን እንዲጠብቁልን፥ ወላጆቻችንም በክረምት «ሂድና ዓሣ አምጣ» ብለው እንዳይልኩን በአክብሮት እንለምናለን። ይህ ለአንዳንድ ቤት ቀላል ልመና እንዳይደለ እናውቃለን።

በወንጌል እንደ ተማርነው፥ ጴጥሮስ ስለ ግብር በተጠየቀ ጊዜ ጌታችን ወደ ባሕር ላከው። መረብ የለመደ አጥማጅ ሲሆን ያን ቀን የታዘዘው መንጠቆ እንዲጥል ነበር፤ የሚበቃውም ገንዘብ በአንድ ዓሣ አፍ ውስጥ ተገኘ። እኛም የምንፈልገው የሚበቃንን ነው፤ የቀረው ወንዙን ሽቅብ ወጥቶ ይውለድ፤ ታናናሾቻችንም በተራቸው ያጥምዱት።